ባለ 11 ቁጥሩ ሰው

ዛሬ ስለ ራግቢ ልጽፍ ነው። ይህን ገጽ ለረጅም ጊዜ የተከታተላችሁ ወዳጆቼ ‹‹ይህ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው የስፖርት ጸሐፊ የሆነው?›› ማለታችሁ እንደማይቀር አውቃለሁ። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፤ ግን ጥቂት ታገሡኝ። ነገሩ የሚጀምረው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በራግቢ ሜዳ ላይ ነው፤ የሚያበቃው ግን እኔ ራሴ ከተቀመጥሁበት የስብሰባ ጠረጴዛ ዘንድ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ኢትዮጵያውያን ኔልሰን ማንዴላን ስናስብ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጡልን ሁለት ምስሎች አሉ። አንደኛው በ1962 አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ታጋይ ምስል ነው። ሁለተኛው ጁን 24 ቀን 1995 በጆሃንስበርግ ኤሊስ ፓርክ ስታዲየም አረንጓዴ ማሊያ ለብሰውና ኮፍያ ደፍተው የዓለም ዋንጫን ለነጩ አምበል ሲያስረክቡ የሚታዩት አዛውንት ፕሬዚዳንት ነው። በማሊያቸው ጀርባ ላይ የነበረው ቁጥር 6 ነው፤ የአምበሉ የፍራንስዋ ፒናር ቁጥር። በዚያ ቀን ታሪክ ላይ መጽሐፍ ተጽፏል፤ በ2009 ‹‹ኢንቪክተስ›› የተባለው ፊልም ተሠርቷል። በእኛም አገር ስለ ብሔራዊ ዕርቅ በተነሣ ቁጥር አንድ ተናጋሪ ያንን ማሊያ ሳይጠቅስ አይወርድም። እኔም በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደ ጠቀስሁት አላስታውስም።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ ላይ፣ 11 ቁጥር የለበሰ ሌላ ሰው ነበር። ስሙ ቸስተር ዊሊያምስ ይባላል። ጨዋታውን ከጀመሩት 15 ደቡብ አፍሪካውያን መካከል ነጭ ያልነበረው እሱ ብቻ ነበር። ስለ ባለ 6 ቁጥሩ ማሊያ ያን ያህል ስናገር ስለ ባለ 11 ቁጥሩ ሰው አንዲት ነገር አላውቅም ነበር። ያወቅሁት ሲሞት ነው።

በ2019 ለዶክትሬት ጥናቴ ኬፕታውን ነበርሁ። ሴፕቴምበር 6 ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ቸስተር ዊሊያምስ በ49 ዓመቱ በልብ ሕመም በድንገት ማረፉ ተሰማ። ሰኞ ጧት እንደ ልማዴ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስሄድ በሩ ላይ ያሉት የጥበቃ ሠራተኛ ጋዜጣ ዘርግተው ተክዘው አገኘኋቸው። ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ አፓርታይድ ‹‹ከለርድ›› ብሎ ከመዘገባቸው የኬፕ ቤተሰቦች የተወለዱ ሰው ናቸው። ሁልጊዜ ጧት ‹‹እህ፣ ልጄ፣ ያ መጽሐፍ ገና አላለቀም?›› ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሰላምታም አልሰጡኝ። ጋዜጣውን አዙረው የሟቹን ፎቶግራፍ አሳዩኝና ‹‹ይህን ታውቀዋለህ?›› አሉኝ። ‹‹አላውቀውም›› አልኋቸው። እንደ ማዘንም እንደ መገረምም አሉና ‹‹እንግዲያው ስለዚች አገር የምትጽፈው ምንድን ነው?›› ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄው ከመመረቂያ ጽሑፌ ገምጋሚዎች ጥያቄ ሁሉ ይከብድ ነበር። በዚያ ሳምንት ጥናቴን ትቼ ስለ ሰውየው አነበብሁ፤ ሻይ በሚጠጡበት ሰዓትም እየሄድሁ እኚህን አዛውንት ጠየቅሁ።

ቸስተር ዊሊያምስ ኦገስት 8 ቀን 1970 ከኬፕታውን ብዙም በማትርቀው ፓርል በተባለች የወይን አምራቾች ከተማ ተወለደ። ማንዴላ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 በእግራቸው ሲወጡ ዓለም ያየበት የቪክተር ቨርስተር እስር ቤት የሚገኘው እዚያው አቅራቢያ ነው። ቸስተር ያን ጊዜ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 1993፣ ቦነስ አይረስ ላይ አርጀንቲናን በገጠመው ብሔራዊ ቡድን ውስጥ የመጀመሪያውን ይፋዊ ዓለም አቀፍ ጨዋታውን አደረገ።

የዚህን ክብደት ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ‹‹ስፕሪንግቦክ›› በሚባለው የሚዳቋ ዓይነት የሚጠራው ይህ ቡድን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ያደረገው በ1891 ነው። ነጭ ያልሆነ ሰው በይፋዊ ግጥሚያ ማሊያውን የለበሰው ግን በሜይ 1981 ነው፤ 90 ዓመት ማለት ነው። እሱም ኤሮል ቶቢያስ የተባለ፣ በግንበኝነት የሚተዳደር ሰው ነበር። ቶቢያስ ስድስት ይፋዊ ግጥሚያዎች ተጫውቶ ስድስቱንም ከቡድኑ ጋር አሸንፏል፤ ግን ደስ ያለው ወገን ጥቂት ነበር። ነጮቹ አክራሪዎች ‹‹ቦታችን ተነጠቀ›› አሉ። የፀረ አፓርታይድ ስፖርተኞች ደግሞ ‹‹ጤናማ ባልሆነ ማኅበረሰብ ውስጥ ጤናማ ስፖርት የለም›› የሚል መፈክር ነበራቸውና የአገዛዙ ማስመሰያ አድርገው ቆጠሩት። በ1984 አቭሪል ዊሊያምስ ሁለት ጊዜ ተሰለፈ። ሦስተኛው የአቭሪል የወንድም ልጅ ቸስተር ነው። በመቶ ዓመት ውስጥ ሦስት ሰዎች፤ ሁለቱም ከአንድ ቤተሰብ።

የዓለም ዋንጫው በሜይ 1995 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሲጀመር አገሪቱ ከዓመት በፊት ነው የመጀመሪያውን ሁሉን አቀፍ ምርጫ ያደረገችው። ውድድሩ ‹‹አንድ ቡድን፣ አንድ አገር›› የሚል መፈክር ወጥቶለት ነበር። መፈክሩ ፊት ያስፈልገው ነበር፤ ፊቱም የቸስተር ሆነ። ምስሉ በማስታወቂያዎች ላይ ወጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ውድድሩ ሲከፈት ቸስተር ተጎድቶ ከቡድኑ ውጪ ነበር። ምስሉ ተሰቅሏል፤ ሰውየው ግን ሜዳ ላይ የለም። አዛውንቱ ይህን ሲነግሩኝ ‹‹ግድግዳው ላይ አየሁት፤ ሜዳው ላይ ፈለግሁት፤ አጣሁት›› ነው ያሉኝ።

የተመለሰውም በሌላ ሰው ጥፋት ነው። ከካናዳ ጋር በተደረገው ጨዋታ ጠብ ተነሥቶ የግራ ክንፍ ተጫዋቹ ፒተር ሄንድሪክስ ታገደ፤ በእሱ ቦታ ቸስተር ተጠራ። ጁን 10 ቀን በሩብ ፍጻሜው ከምዕራብ ሳሞአ ጋር ሲጫወቱ አራት ትራይ አስቆጠረ። (ትራይ ማለት ኳሷን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት ነው፤ አምስት ነጥብ ያሰጣል። የክንፍ ተጫዋች ዋና ሥራው በሜዳው ጠርዝ ሮጦ እዚያ መድረስ ነው።) ደቡብ አፍሪካ 42 ለ 14 አሸነፈች። በግማሽ ፍጻሜው ፈረንሳይን 19 ለ 15፣ በፍጻሜው ኒውዚላንድን በተጨማሪ ሰዓት 15 ለ 12 ረታች። የማሸነፊያዋን ምት የመታው ጆኤል ስትራንስኪ ነው። ቀሪውን ፎቶግራፉ ይናገራል።

አዛውንቱ ስለዚያ ቀን የነገሩኝን ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም። በአፓርታይድ ዘመን በኬፕታውኑ ኒውላንድስ ስታዲየም ነጭ ላልሆኑ ተመልካቾች የተለየ መቀመጫ ነበር። ከዚያ መቀመጫ የሚደገፈው ሁልጊዜ እንግዳው ቡድን ነበር፤ በተለይም ኒውዚላንድ። የእኚህ ሰው አባትም ዕድሜያቸውን ሙሉ የኒውዚላንድ ደጋፊ ነበሩ። ‹‹በ1995 ፍጻሜው ላይ ማን መጣ? ኒውዚላንድ! እኔ ለቸስተር ብዬ ለአገሬ ደገፍሁ። አባቴ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጨዋታው አልቆ እኔ ስጮህ ‹ጩህ፤ ልጁ ሮጧል፤ የእነሱ ቤት ግን ዛሬም የእነሱ ነው› አለኝ›› ብለው አጫወቱኝ። ‹‹ማን ትክክል ነበር?›› አልኋቸው። ‹‹ሁለታችንም›› አሉኝ።

ይህ መልስ ቀልድ አለመሆኑን የተረዳሁት የ2002ን ነገር ሳነብ ነው። በዚያ ዓመት የቸስተር ዊሊያምስ የሕይወት ታሪክ ታተመ። ሰውየው ኳስ መጫወት ካቆመ ብዙም አልቆየም ነበር፤ ከ1995 በኋላ የጉልበት ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ አርቆት፣ የመጨረሻውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ በ2000 አድርጎ፣ በ27 ይፋዊ ግጥሚያዎች 14 ትራይ አስመዝግቦ ተሰናብቷል። በመጽሐፉ ውስጥ ያን የአንድነት ቡድን ከውስጥ ሆኖ እንዴት እንዳየው ተናገረ። አንዳንድ የቡድን ጓደኞቹ ባይተዋር እንዳደረጉት፣ በዘር ስድብ የሰደበውም እንደ ነበር ገለጸ። የለውጡ ምልክትና የልማት ፕሮግራም ውጤት ተደርጎ ለገበያ መቅረቡም ከእውነት የራቀ እንደ ሆነ ተናገረ።

በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ጥቂት ልቆይ። በምዕራብ ኬፕ ከለርዶች ዘንድ ራግቢ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በራሳቸው ክለቦች ሲጫወቱት የኖሩት ጨዋታ ነው። አባት ለልጅ፣ አጎት ለወንድም ልጅ ሲያስተላልፈው መቶ ዓመት አልፎታል። ቸስተርን ‹‹ለውጡ ያፈራው›› ማለት ያን ሁሉ ታሪክ መሰረዝ ነው፤ ‹‹እናንተ ራግቢ አታውቁም ነበር፤ እኛ አስተማርናችሁ›› እንደ ማለት ነው። በሩን መቶ ዓመት ዘግቶ የኖረው ወገን አንድ ቀን ገርበብ ስላደረገው ይመሰገናል፤ በሩ ላይ መቶ ዓመት የቆመው ግን ተመጽዋች ተብሎ ይመዘገባል።

በ2002 አዛውንቱ በአንድ ሱቅ ይሠሩ ነበር። ጋዜጦቹ የመጽሐፉን ነገር በጻፉ ማግስት አለቃቸው ‹‹ይህ የእናንተ ቸስተር እንዴት እንዲህ ውለታ ቢስ ሆነ?›› ብሎ ጠየቃቸው። ‹‹ምን አሉት?›› አልኋቸው። ‹‹ምን እላለሁ? ልጆች አሉኝ፤ ዝም አልሁ›› አሉኝ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ በሟቹ ፎቶግራፍ ላይ ያን ያህል ያስተከዛቸው ሞቱ ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

‹‹ውለታ ቢስ›› የምትለዋን ቃል እንመርምራት። ባለውለታው ማን ነው? አራት ትራይ ያስቆጠረው ሰው ነው ወይስ ያስቆጠረለት ቡድን? ቃሏ የምትነግረን ተናጋሪው ማሊያዋን እንደ ስጦታ መቁጠሩን ነው። የተሰጠው ሰው ያመሰግናል፤ የተገባው ሰው ግን ይናገራል። ቸስተር የ1995ን ደስታ ሐሰት ነው ብሎ አልካደም፤ እንዲያውም ‹‹ኢንቪክተስ›› ሲሠራ ተዋንያኑን ራግቢ ካለማመዱት አንዱ እሱ ነው። ያለው ‹‹ደስታውም እውነት ነው፤ ስድቡም እውነት ነው›› ነው። ልክ እንደ ጥበቃው አዛውንትና እንደ አባታቸው፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የገዛ ምልክቱ ምስክር ሆኖ ሲናገር መስማት የማይችል ዕርቅ ከፎቶግራፍ አያልፍም።

ከዚያ በኋላ የኖረው ሕይወት የአሠልጣኝነት ነው። የደቡብ አፍሪካን የሰባት ተጫዋቾች ራግቢ ቡድን ይዞ በ2002 በማንቸስተር የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ነሐስ አገኘ። በዑጋንዳ፣ በቱኒዚያና በሩማንያ ሠርቷል። ሲሞት የምዕራብ ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አሠልጣኝ ነበር፤ ይህም በ1960 በአፓርታይድ ሕግ ለከለርዶች ብቻ ተብሎ የተከፈተ ተቋም ነው። የብሔራዊ ቡድኑ ዋና አሠልጣኝ የመሆን ዕድል ግን አልገጠመውም። በ2008 መጀመሪያ ያንን ሥራ ነጭ ካልሆኑ ሰዎች የመጀመሪያ ሆነው የያዙት ፒተር ደ ቪሊየርስ ናቸው። እሳቸው ሲሾሙ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ውሳኔው በራግቢ ምክንያቶች ብቻ አለመወሰኑን በአደባባይ ተናገሩ። ግልጽነቱ ያስመሰግናቸው ይሆናል፤ ተሿሚው ግን ገና ቢሮ ሳይገቡ ግንባራቸው ላይ ማኅተም ተመታባቸው። በማግስቱ ዓመት ቡድናቸው በአውሮፓ ደሴቶች ምርጥ ተጫዋቾች የተዋቀረውን የብሪታኒያና የአየርላንድ አንበሶች ቡድን አሸነፈ፤ ማኅተሙ ግን በቀላሉ የሚለቅ አልነበረም።

ውድ አንባቢያን፣ አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከላይ ያለውን ሁሉ የጻፍሁት ይህን ለመናገር ድፍረት ላገኝ ነው።

ትምህርቴን ጨርሼ ተመልሼ በማስተምርበት ተቋም የመምህራን ቅጥር ኮሚቴ አባል ሆኜ ተመደብሁ። ደብዳቤው ስለ ትምህርት ዝግጅቴና ስለ ልምዴ ያወራል። ደስ አለኝ፤ የተገባኝ መሰለኝ። በሳምንቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በመተላለፊያው ላይ አግኝቶኝ እየሳቀ ‹‹እንኳን ደስ ያለህ፤ ለተዋጽኦ አንተን አገኙ አይደል?›› አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉም አላሰበም። ሁሉም የሚያውቀውን ነው የነገረኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በስብሰባ ላይ አፌን በከፈትሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀድመኛል፤ የምናገረው ማን ሆኜ ነው? መምህር ሆኜ ነው ወይስ ‹‹የእነ እንትና ተወካይ›› ሆኜ? እኔን መርጦ የላከኝ ሕዝብ የለም። ስሜ ብቻ ነው የተመረጠው። በዚያው ዓመት በተቋሙ የቀን መቁጠሪያ ላይ ከሌሎች ሦስት መምህራን ጋር ፎቶግራፌ ወጣ፤ ከሥሩ ስለ ብዝኃነት የሚያወራ አንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፎበታል።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። የሚጻፈው ከዚህ የሚከተለው ነው።

ለአንድ የመምህርነት ቦታ አምስት አመልካቾች ቀረቡ። በጽሑፍ ፈተናውም በቃል ፈተናውም ከሁሉ በላይ ውጤት ያመጣችው አንዲት ወጣት ነበረች። ነጥቡ ተደምሮ ሲነበብ ጸጥታ ሆነ። ከዚያም አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ‹‹ተዋጽኦውንም ብናየው ጥሩ ነው። ከዚህ ወገን እንኳ እሳቸው አሉልን›› አለና በእርሳስ ወደ እኔ አመለከተ። ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ሰኮንዶች ፈጀብኝ። ልጅቱ ከእኔ ወገን ናት ተብሎ ተገምቷል፤ የእኔ ወገን ድርሻ ደግሞ በእኔ ሞልቷል። እኔ ስላለሁ እሷ ልትገባ አትችልም።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሳለ በሩን የዘጋሁባት እኔው ነኝ።

ምን አልሁ? ምንም አላልሁም። ‹‹አንዱ ወገኑን ደገፈ›› እንዳይሉኝ ፈራሁ። ለወገኑ ያደላል ላለመባል ለእውነት ሳልቆም ቀረሁ። ቃለ ጉባኤው ሲዞር ፈረምሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቱ ቢሮዬ መጣች። ‹‹ዶክተር፣ ስሕተቴን እንዲነግሩኝ ነው፤ ለሚቀጥለው እንዳርመው›› አለችኝ። ‹‹የኮሚቴው ውሳኔ ነው›› አልኋት። አመስግናኝ ሄደች። የነገርኋት ነገር የለም፤ እሷ ግን ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ያን ቀን ማታ የመጣብኝ ሐሳብ የማስታወቂያው ምስል ነው። ለፎቶግራፍ አንድ ሰው ይበቃል። ሁለተኛው ሰው ለምስሉ የሚጨምረው ነገር የለም፤ እንዲያውም ‹‹በዙ›› ያስብላል። የታይታ ተዋጽኦ ጠባዩ ይህ ነው፤ በሩን ለአንድ ሰው ይከፍትና ያንኑ ሰው መዝጊያ ያደርገዋል። እነሆ ቁጥሩን ተመልከቱ። በ1995 በፍጻሜው ጨዋታ ከተሰለፉት 15 ተጫዋቾች ነጭ ያልሆነው 1 ነበር። በ2007 ደቡብ አፍሪካ ዋንጫውን ለሁለተኛ ጊዜ ስትወስድ በፍጻሜው የተሰለፉት 2 ነበሩ፤ ሁለቱም የክንፍ ተጫዋቾች። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ሰው ለመጨመር! በ2019 ግን 6 ሆኑ፤ አምበሉም ሲያ ኮሊሲ ነበር።

ያ ለውጥ ከፎቶግራፍ የመጣ አይደለም። ብዙ ክርክር፣ ብዙ ቅያሜ፣ ‹‹ኮታ›› በሚለው ቃል ላይ የማያባራ ጭቅጭቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ‹‹ከሥር ያለው መንገድ ይከፈት›› የሚል ግፊት ነበረበት። ሥራው ዛሬም አላለቀም። ኮሊሲ ራሱ ከዝዊዴ የድሆች ሰፈር ወጥቶ እዚህ የደረሰው በልጅነቱ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ታወቀ ትምህርት ቤት ስለ ገባ ነው፤ ያን ዕድል ያላገኘው የሰፈሩ ልጅ ሜዳ የት አለው? ቢሆንም ከ1 ወደ 6 የሚወስደው መንገድ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ያሳየናል። የሚለካው በወንበር ላይ በተቀመጠው ሰው ማንነት ሳይሆን ወደ ወንበሩ በሚያደርሰው መንገድ ስፋት ነው።

እንግዲህ ‹‹ይኸውላችሁ፣ ዶክተሩም ተዋጽኦን ተቃወመ›› የሚል አይጠፋም። አልተቃወምሁም። ዘጠና ዓመት አንድን ወገን ብቻ ያሰለፈ ቡድን ‹‹እኛ የምናየው ችሎታ ብቻ ነው›› ሲል የሚያምን የዋህ ነው፤ በእኛም አገር ‹‹ችሎታ›› የምትለዋ ቃል ለስንት አድልዎ መሸፈኛ እንደ ሆነች የምናውቅ እናውቃለን። የምቃወመው ሌላ ነገር ነው። ሰውን በችሎታው ጠርቶ በስሙ የሚያስቀምጥ፣ ካስቀመጠም በኋላ ምስጋናን እንጂ ምስክርነትን የማይፈልግ አሠራርን ነው። ይህ አሠራር ሁለት ሰው ይበድላል፤ የተቀመጠውን ዋጋውን እንዲጠራጠር ያደርገዋል፣ ከውጪ የቀረውን ደግሞ ‹‹ከናንተ አንድ አለ እኮ›› ብሎ ይሸኘዋል።

ቸስተር ዊሊያምስ ከሞተ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2019፣ ደቡብ አፍሪካ ዮኮሃማ ላይ እንግሊዝን 32 ለ 12 አሸንፋ ለሦስተኛ ጊዜ ዋንጫውን ወሰደች። ጨዋታውን በኬፕታውን ከጥበቃው አዛውንት ጋር በእሳቸው ቤት ተመለከትሁ። በ1995ቱም በ2007ቱም ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካ ያሸነፈችው ትራይ ሳታስቆጥር፣ በእግር በተመቱ ነጥቦች ብቻ ነበር። በ2019 ግን ማካዞሌ ማፒምፒ በግራው ጠርዝ ወጥቶ ኳሷን መሬት አስነካት፤ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ታሪክ የመጀመሪያዋ የደቡብ አፍሪካ ትራይ ናት። አዛውንቱ ተነሥተው ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረቡና በጣታቸው የማፒምፒን ጀርባ ነኩት። ቁጥሩ 11 ነበር። ምንም አላሉም፤ ተመልሰው ተቀመጡ።

እኔም ባለፈው ወር ለኮሚቴው ሰብሳቢ አንድ ደብዳቤ ጻፍሁ። በዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ የፈረምሁት በውሳኔው አምኜበት እንዳልነበረ፣ አመልካቿ የተበደለችው በውጤቷ ሳይሆን በእኔ መኖር መሆኑን፣ የልዩነት ሐሳቤም ዘግይቶም ቢሆን ከቃለ ጉባኤው ጋር እንዲያያዝ ጠየቅሁ። ግልባጩን ለእሷም ላክሁላት። ከኮሚቴው እስካሁን መልስ አልመጣም። ከሷ ግን አንድ መስመር ደርሶኛል፤ ‹‹ደብዳቤው ደርሶኛል፤ ለምን ያን ጊዜ አልተናገሩም?›› ትላለች።

መልሱን እየጻፍሁ ነው። እስካሁን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ቸስተርም ለመናገር ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል ብዬ ልጽፍላት አስቤ ነበር፤ ግን እሱ የተናገረው የራሱን በደል ነው፤ እኔ ዝም ያልሁት የሷን።

ቸር ይግጠመን።